ኪራሙ ቀርታ ምርጫ አይጀመርም

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ፣ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ፣ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ የሚተኛባት አንዲት ጥግ አለች። ባለፈው ሳምንት በዚያች ጥግ ሳልፍ የበቆሎ ሽታ እግሬን ያዘው። በክረምት ነቀምቴ ላይ የበቆሎ ጥብስ የማይሸተው ሰው አፍንጫው የተደፈነ ብቻ ነው፤ በየደጁ ከሰል ተቀጣጥሎ እሸት ይገላበጣል፣ እኔም ጥርስ ሳይኖረኝ ምራቄን እየዋጥኩ አልፋለሁ። የዚያ ቀኑ ግን እሸት አልነበረም። ደረቅ በቆሎ ነው፤ ብረት ላይ እየተንጣጣ፣ ትንሽ አረር አረር እያለ፣ ጉሮሮ ከርከር የሚያደርግ። ያንን ሽታ በሕይወቴ ልብ ብዬ ያሸተትኩት አንድ ጊዜ ነው፤ ኪራሙ ላይ፣ ሰዎቹ የዕድራችንን ምርጫ ቆልተው የበሉት ቀን።

እንዲህ ስናገር ነገሩን ለማያውቅ ሰው የጃጀሁ እንደምመስል አውቃለሁ። ልጄ ሰላም እንኳ በስልክ «አባዬ፣ ደግሞ ጀመረህ» ትለኛለች። ሰላም የምትኖረው አዳማ ነው። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ለእኔ የሚሆን ክፍል አዘጋጅታ ትጠብቃለች፤ አልጋ፣ ወንበር፣ ወደ ግቢ የሚያይ መስኮት፣ ለጉልበቴ የሚስማማ ሙቀት። ሻንጣዬን ካሰናዳሁ ይኸው ስንት ክረምት አለፈ። ሸሚዝ ሲያስፈልገኝ ከሻንጣው አወጣለሁ፣ ታጥቦ ሲደርቅ ወደ ሻንጣው እመልሰዋለሁ፤ ቁም ሳጥኑን የሸረሪት ድር ወርሶታል። የማልሄደው የዕድር ዳኛ ስለሆንኩ ነው። ከዳኝነቴ የማልወርደው ምርጫ ስለሌለ ነው። ምርጫ የሌለው ደግሞ እኔው ራሴ፣ በገዛ ጣቴ፣ በታይፕ በመታኋት አንዲት መስመር ምክንያት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ያሰረኝ ቢያንስ የምረግመው አላጣም ነበር።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት። አባቴ ከሸዋ በንግድ መጥቶ፣ አንድ ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ እያለ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እኔ ኦሮምኛውን ከጎረቤት፣ አማርኛውን ከቤት ይዤ አደግሁ፤ ሰላምታዬ በአንዱ ተጀምሮ በሌላው ያልቃል፣ ዛሬም ያው ነኝ። ሱሪዬ ከላይ ጠባብ ከታች ሰፊ ነበር፤ ዝናብ ሲጥል የነቀምቴን ጭቃ በሙሉ ጠራርጎ ወደ ቢሮ ያስገባል። አውቶቡስ ተራው ጥግ ካሴት የሚሸጥ ሰው ነበረ፤ ቀኑን ሙሉ የአንዲት ዘፋኝ ካሴት ያጫውታል። ካሴቱ እያረጀ ሲሄድ ድምጿ እየወፈረ ወንድ መሰለች፤ እኛ ግን ልባችን ያው እየተነካ፣ በአሥር ሳንቲም ሻይ ይዘን ግማሽ ቀን እንቀመጥ ነበር። ስሙኒ ያለው ሻዩን ከነሳምቡሳው ያዛል፣ ያንን ሰው ሁላችንም በስሙ እናውቀዋለን። ዛሬ በዚያ ጥግ የሞባይል መሸጫ አለ፤ እዚያም ቀኑን ሙሉ ይዘፈናል፣ ግን የሚቀመጥበት ወንበር የለም።

ዕድራችን የመንገድ ዕድር ይባላል። አባላቱ በአንድ ሰፈር ሳይሆን በአራት ከተሞች የተበተኑ ናቸው፤ ነቀምቴ፣ ሲሬ፣ ጊዳና ኪራሙ። የዚያን ጊዜ ሰው ንግዱ አንድ ቦታ፣ ዘመዱ ሌላ ቦታ ነበር። ነቀምቴ ላይ የሞተው ኪራሙ ቅበሩኝ ብሎ ይናዘዛል፣ ሲሬ ላይ የሞተው ጊዳ። ዕድሩ አስከሬኑን አሳፍሮ፣ ድንኳኑን ጭኖ ያደርሳል። ኦሮሞውም አማራውም፣ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም አባል ነው፤ ለቅሶው በሁለት ቋንቋ ይለቀሳል፣ ንፍሮው አንድ ነው። መኪናውም ሆነ ድንኳኑ ግን ያለ ዳኛው ማህተም ንቅንቅ አይልም። ይህ ደንብ የወጣው ድንኳኑ አንድ ጊዜ ማንም ሳይጠይቅ ሰርግ ላይ ስለተገኘ ነው።

ዳኛው በየሦስት ዓመቱ ይመረጣል። እጩዎቹ ብዙ ጊዜ ሦስት ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ይቀመጥላቸዋል፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ነጭ ቀለም የተቀባ። ጣሳዎቹ ከአንሶላ ጀርባ ይደረደራሉ። አባሉ አንዲት ፍሬ በቆሎ ይሰጠውና ገብቶ በወደደው ጣሳ ውስጥ ይጥላል። ውጭ የቆምነው ፍሬዋ ጣሳው ውስጥ ቂው ስትል እንሰማለን፣ ጆሮው ቀጭን የሆነ ሰው የትኛው ጣሳ እንደጮኸ አወቅሁ ይላል። ያለን አንድ አንሶላና አንድ ዙር ጣሳ ስለሆነ ምርጫው ከከተማ ከተማ ይዞራል፤ የመጀመሪያው እሁድ ነቀምቴ፣ ቀጥሎ ሲሬ፣ ከዚያ ጊዳ፣ መጨረሻ ኪራሙ። እኔ ጸሐፊ ስለሆንኩ ጣሳዎቹን በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ በሎንችና እየተንገጫገጭኩ እከተላለሁ።

እንግዲህ ችግሩ ምርቃቱ ላይ ነበር። ነቀምቴ ላይ ተቆጥሮ አንዱ ሲያሸንፍ፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ይነሱና ይመርቁታል። ከሦስት ከተማ ያልተቆጠረ ድምፅ እያለ መመረቅ ምን ይሉታል የሚል ሰው አልነበረም፤ ደስ ሲለን እንመርቃለን፣ አመላችን ነው። የተመረቀን ሰው ደግሞ መፎካከር ነውር ነው። የተሸነፉት ሁለቱ እዚያው ተነስተው እጩነታቸውን ይተዋሉ፣ ጣሳቸውም ወደ ዕቃ ቤት ይገባል። ሲሬ ስደርስ ከረጢቴ ውስጥ ያለው አንድ ጣሳ ነው። ሲሬዎች የአውቶቡስ መንገደኛ ስለለመዱ ነገር አያከሩም፤ በቆሏቸውን ጥለው ወደ ገበያቸው ይሄዳሉ። ጊዳም እንደዚያው። ኪራሙ ላይ ግን ስንዱ ነበረች።

ስንዱ ከወሎ የመጡ ገበሬዎች ልጅ ናት፤ በዕድሜ እኩያዬ፣ በምላስ ግን አያቴ። ያን ቀን የኪራሙ አባላት ከዋርካው ሥር ተሰብስበው ሳለ ደረስኩ። አንሶላውን ወጠርኩ፣ ጣሳውን አስቀመጥኩ፣ በቆሎውን በቅርጫት አወጣሁ። ስንዱ መጥታ አንሶላውን ገልጣ አየች።

«ሌሎቹ ጣሳዎች የት ቀሩ?» አለችኝ።

«ቀሩ» አልኳት። «ነቀምቴ ተመረቀ እኮ።»

«ኧረግ! እናንተ መርቃችሁ ከጨረሳችሁ እኛን ምን ልታደርጉን ቀጠራችሁን? ከአንድ ጣሳ ምን ይመረጣል?»

«ደንቡ ነው፣ ስንዱ።»

«ደንቡን ተወው፣ በቆሎው ግን እህል ነው» ብላ ቅርጫቱን ከእጄ ተቀበለችኝ። እየቀለደች መስሎኝ ነበር። ከአጠገባችን ካለው ቤት ብረት ምጣድ አስመጣች፣ ሦስት ድንጋይ ጎለተች፣ እሳት አነደደች፣ የኪራሙን ቅርንጫፍ ድምፅ በሙሉ ምጣዱ ላይ አፈሰሰችው። ፍሬው እየተንጣጣ ሲዘል ሰው በሳቅ ሞተ። ከዚያ በእፍኝ በእፍኝ ታደለ። ሽማግሌዎቹ ተቀበሉ፣ ጥርስ የሌላቸው ለልጆቻቸው ሰጡ። እኔም ሁለት እፍኝ በላሁ፤ ምን ላድርግ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር።

ባዶ ጣሳ ይዤ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ሳስብ መጣሁ። የተመረቀው ሰው በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ ኪራሙ ምርጫህን ቆልታ በላችው እንዴት ይባላል? ቃለ ጉባኤውን ስመታ ጣቴ ቆም እንኳ አላለም። «የኪራሙ ቅርንጫፍ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ብዬ ጻፍኩ። በሕይወቴ ብዙ ሰው የሚዋሸውን ያህል ዋሽቻለሁ፣ እንደዚያች መስመር ግን ያሳፈረኝ የለም። ስንዱ ከሁለት ወር በኋላ ሰሊጥ ልትሸጥ ነቀምቴ ገበያ መጣች። ከሰው ሰምታ ኖሮ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል በሩቁ አይታኝ «ሙሉ ድምፅ!» ብላ ተጣራች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ እሱ ሆነ። ተሰማ የሚሉኝ ደመወዝ ከፋዩና ሽማግሌዎቹ ብቻ ነበሩ።

ዓመታት ሄዱ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ፎቶ ተቀያየረ፣ የቢሮው ስም ተቀያየረ፣ ሱሪዬ ጠበበ። ሎንችናው ቀርቶ ሚኒባስ መጣ፤ ታይፑን ትተው ኮምፒውተር ሲያስገቡ አሮጌውን የታይፕ መኪና ለእኔ ሰጥተው በጡረታ ሸኙኝ። ምርጫው ግን ከነቀምቴ ይጀምራል፣ ኪራሙ በአንድ ጣሳ ያልቃል። ስንዱም ሁለተኛ አልቆላችም፤ በየሦስት ዓመቱ ዝም ብላ በቆሎዋን ትጥልና ስትወጣ «ሙሉ ድምፅ፣ ጻፍ እንግዲህ» ትለኛለች። ይህ ከቆሎው ይብስብኝ ነበር።

ስለዚህ ደንቡ እንደ አዲስ ይጻፍ ሲባል ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ተራው ይለወጥ አልኩ። አቤት የዚያን ቀን ክርክር! አንዱ አራቱም ከተማ በአንድ ቀን ይምረጡ አለ፤ አንሶላው አንድ ነው ተባለ። ሌላ አንሶላና ሌላ ጣሳ መግዛት ለማንም ትዝ አላለም፣ እስከ ዛሬም ይገርመኛል። ሌላው ዕጣ እንጣል አለ። የነቀምቴዎቹ ብዙ አባል ያለን እኛ ነን፣ መጀመር ያለብን እኛ ነን አሉ። ስንዱ ተነስታ «እናንተ ብዙ ስለሆናችሁ መጨረሻ ብትመርጡም ብዙ ናችሁ፤ እኛ ግን ጥቂት ስለሆንን መጨረሻ ስንመርጥ ምንም ነን» አለች።  ያኔ ኦቦ ነገራ ተነሱ። ኦቦ ነገራ የነቀምቴ ሽማግሌ ናቸው፣ ያ ሁሉ ምርቃት የሚወጣው ከእሳቸው አፍ ነበር። ወደ እኔ ዞረው «ተሰማ፣ ማሎ፣ ኪራሙን ዱበቲ ሂን ሃፊን ጄዲ በሬሲ» አሉኝ። እባክህ፣ ኪራሙ ወደ ኋላ አትቅር ብለህ ጻፍ ማለታቸው ነው። ሁሉም አጨበጨበ።

እኔ ቤቴ ገባሁ፣ ታይፔን ገለጥኩ። «ኪራሙ ወደ ኋላ አትቅር» የምትለው ለደንብ አነሰችብኝ፤ ምክር እንጂ ሕግ አትመስልም። የሠላሳ ዓመት ታይፒስት ነኝ፣ ሕግ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ደግሞም ያቺ ሙሉ ድምፅ የምትባል ውሸት ሆዴ ውስጥ አለች። እንዲህ ብዬ መታሁ፦ «ኪራሙ ቀርታ ምርጫ አይጀመርም። ይህም አንቀጽ ኪራሙ ቀርታ አይለወጥም።» ሳነበው ሰውነቴን ሙቀት ተሰማው። ኦቦ ነገራ አትቅር ሲሉ ከኋላ አትሁን ማለታቸው ነበር፤ የእኔዋ ቀርታ ግን ካልመጣች፣ ከጠፋች፣ መንገድ ካጣችም ሊባል ይችላል። ያኔ ይህ አልታየኝም። ኪራሙ ምን ትሆናለች? ተራራው ሥር ተቀምጣለች፣ የት ትሄዳለች? ጉባኤው በጭብጨባ አጸደቀው፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ውጭ የጣልኩ ሰው ነኝ።

በአዲሱ ተራ፣ ከኪራሙ ጀምረን፣ የመረጥነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከረጢቱን አራት ጣሳ ሞልቼ ኪራሙ ደረስኩ፤ አራተኛው ያልተቀባ ነበር፣ የእኔ ነው። ሰው አስገድዶኝ እንጂ ዳኛ ልሁን ብዬ አልነበረም። የኪራሙ ሰዎች ያን ቀን የለበሱት ልብስ ዛሬም አይኔ ላይ አለ፤ ጥምቀት የመጣ ነው የሚመስለው፣ ሴቶቹ አዲስ ነጠላ፣ ወንዶቹ የተተኮሰ ጃኬት። ሲቆጠር ያልተቀባው ጣሳ ሞላ። ስንዱ «በል ሙሉ ድምፅ፣ አሁን እውነትህን ጻፍ» አለችኝ፣ አለቀስኩ፣ አልደብቅም። የኪራሙ ሽማግሌዎች ግን ሣር ይዘው ተነሱና መረቁኝ። ሦስቱ እጩዎች እዚያው ተዉ። ሲሬ ስደርስ ከረጢቴ ውስጥ የነበረው አንድ ጣሳ ነው፤ የሲሬ አንድ ሽማግሌ ጣሳውን አገላብጦ «ቆሎ እንቁላ እንዴ?» አለኝ። ተራውን ለወጥን እንጂ አመላችንን አልለወጥንም።

ሦስት ዓመቱ ሳይሞላ የኪራሙ መንገድ ተዘጋ። እንዴት ተዘጋ፣ ማን ዘጋው የሚለውን ለሚችል ሰው እተዋለሁ፤ እኔ የማውቀው አንድ ቀን ሚኒባሱ ከጊዳ መመለሱን ነው፣ ሹፌሩ ከዚያ ወዲያ አልሄድም ብሎ። ለአንድ ሳምንት ነው አልን። ለአንድ ወር ነው አልን። የምርጫው እሁድ መጣ፣ ኪራሙ ስለሌለች አልተጀመረም። ደንቡን እንለውጠው ተባለ፤ ኪራሙ ቀርታ አይለወጥም ይላል፣ አነበብኩላቸው። ምክትሌ ወደ ልጆቹ ሄደ፤ እሱ ማህተም ስላልያዘ ማንም አልከለከለውም። እኔ ማህተሟን ይዤ ቀረሁ። ለማን ልስጣት? ሳይመረጥ የተቀበለ ሰው መኪናውን ለሰርግ ያውለዋል፣ ያውም ሞት በበዛበት ዘመን።

አንድ ጊዜ ሞክሬአለሁ። ጠዋት ተነስቼ ሻንጣዬን አውቶቡስ ላይ አስጫንኩ፣ ማህተሟን በደረት ኪሴ ከተትኩ፤ አዳማ ደርሼ በፖስታ እመልሳታለሁ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ሲሬ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። ለልጄ ሸንኮራ ልገዛ ወርጄ ሳስቆርጥ ስልኬ ጮኸ፤ ኦቦ ነገራ አርፈዋል። ድንኳኑ ያለ ማህተም አይወጣም፣ ማህተሟ ሲሬ ሸንኮራ ትገዛለች። አውቶቡሱ እኔን ጥሎ ሄደ፤ ሻንጣዬ ጣሪያ ላይ ሆና አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ በሁለተኛው ቀን ተመለሰች። ከሁለታችን ከነቀምቴ የወጣችው እሷ ብቻ ናት። ቀብሩ ላይ ከሁሉም በላይ አምርሬ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ግማሹ ለኦቦ ነገራ፣ ግማሹ ለራሴ። ታመው ሳሉ ጠይቄአቸው ነበር፦ «እርስዎ ያሉት ወደ ኋላ አትቅር ነው፣ ስህተቱ የእኔ ነው ብዬ ልናገር፣ ይመስክሩልኝ» ብዬ። አልጋቸው ላይ ሆነው ሳቁ። «ተሰማ ኮ፣ እኔ ካልኩት አንተ የጻፍከው ይሻላል» አሉኝ። «ሂን ጅጅሪን።» አትለውጠው ማለታቸው ነበር።

እንግዲህ ያ የበቆሎ ሽታ ባለፈው ሳምንት እግሬን ሲይዘው ይህ ሁሉ ነው የመጣብኝ። ቀና ስል ከሸራው ሥር፣ ከከሰሉ ጀርባ፣ አንዲት ሴት ቆሎ ታምሳለች። ጸጉሯ ሸብቷል፣ ከስታለች። ልጠይቅ አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ።

«ሙሉ ድምፅ! አለህ እንዴ አንተ?»

ስንዱ ናት። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በኦሮምኛ በአማርኛ እየቀላቀልን፣ አካም፣ ነጋዳ፣ ደህና ነሽ፣ ፈያዳ እየተባባልን ብዙ ቆየን። ነቀምቴ ከገባች ሁለተኛ ክረምቷ ነው። ከቤቴ የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ!

«ታዲያ እኔ ጋ ሳትመጪ?»

«ምን ብዬ ልምጣ? አንተ ጋ የሚመጣው ሰው የሞተበት ነው። የእኔውን እዚያው ቀብሬ ነው የመጣሁ።»

ባሏን ማለቷ ነበር። ድንኳኑ አልደረሰላትም። የሚያለቅስለት አራት ሰው፣ የሚቆፍርለት ሁለት ሰው እንደነበር ቀስ ብላ ነገረችኝ።  «ድንኳኑ እንደማይመጣ አውቅ ነበር፣ አልተቀየምኩህም» አለችና ቆሎውን አማሰለች።

እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ሐዘን መሃል ልቤ ሌላ ነገር እያሰላ ነበር። ስንዱ እዚህ ካለች ሌሎቹም አሉ። ጠየቅኋት፤ በቡርቃ ጃቶና በአካባቢው ከሃያ የማያንሱ የኪራሙ አባላት አሉ አለች።  አዳማ ያለው መስኮት ታየኝ።

«ስሚኝ ስንዱ፣ ጣሳዎቹ ቤቴ አሉ። አንሶላም አለ። እሁድ እዚሁ ሰብስቢያቸውና ኪራሙ ትምረጥ። ከዚያ ነቀምቴ ይቀጥላል፣ ሌላው ይቀጥላል፣ እኔም አርፌ ወደ ልጄ እሄዳለሁ።»

 ከሰሉን በወረቀት አራገበች።

«ምን ብለህ ትጽፈዋለህ?»

«ኪራሙ መረጠች ብዬ ነዋ።»

«ኪራሙ የት ሆና?»

ዞር ብዬ ወፍጮ ቤቱን አየሁ።

«አንተ መጻፍ መቼ ይቸግርሃል» አለች፤ ድምጿ አልጮኸም። «ቆልተን የበላነውን ሙሉ ድምፅ ብለህ ጽፈሃል። ተሰማ፣ እዚህ ቡርቃ ጃቶ ተቀምጠን ኪራሙ መረጠች ካልን፣ በቃ፣ ኪራሙ ቀረች ማለት ነው። ቤቴም ቀረ፣ ማሳዬም ቀረ፣ እሱም እዚያ ብቻውን ቀረ። ኪራሙ ቀርታ ደግሞ ምርጫ አይጀመርም። የማን ጽሑፍ ነው?»

በስሜ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ተናደድኩ። አዎ፣ በዚያች ምስኪን ሴት ላይ ተናደድኩ። «እኔስ? በአንዲት መስመር እስከ መቼ ታስሬ ልኑር? ሰባ አልፌአለሁ፣ ልጅ አለችኝ!» ብዬ ጮህኩ። ቆሎ ሊገዛ የመጣ ሰው ደንግጦ ሄደ።

«መሄድ ትችላለህ» አለች ስንዱ። «ማህተሟን ለወደድከው ስጥና ሂድ፣ ማን እጅህን ያዘህ? እኔ ግን እዚህ አልመርጥም። መንገዱ ሲከፈት፣ ዋርካው ሥር፣ መጀመሪያ ገብቼ እጥላለሁ። እስከዚያ እንግዲህ ሁለታችንም ቁጭ።»

ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ቋጠሮዋ ውስጥ ጥቂት ነጭ የበቆሎ ፍሬ ነበር፣ ያልተቆላ፣ ደህና የደረቀ። ከኪራሙ ስትወጣ ከጎተራው ለዘር ብላ የቋጠረችው ነው። አንዲቱን መርጣ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቼን አጠፈቻቸው።

«ይህቺ የእኔ ድምፅ ናት» አለችኝ። «ከማህተሟ ጋር አስቀምጥልኝ። አደራ፣ እንዳትቆላት።»

በወረቀት ጠቅልላ ቆሎም ሰጠችኝ፤ ገንዘብ አልቀበልም አለች። ጥርስ እንደሌለኝ አልነገርኳትም። ዝናቡ እንደገና ጀመረ፣ በጭቃው እየተንሸራተትኩ ቤቴ ገባሁ። የማህተሟን ሳጥን ከፍቼ ፍሬዋን ከቀለሙ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኳት። ነቀዝ እንዳይገባባት ይኸው በየቀኑ እያወጣሁ አያታለሁ፤ እስካሁን ደህና ናት።

ትናንት ሰላም ደወለች። ክረምቱ ሊወጣ ነው፣ መቼ ነው የምትመጣው አለችኝ። ሻንጣዬን ቀና ብዬ አየሁ። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ድሩን በእጄ ጠረግሁ፣ ከውስጧ ሸሚዞቼን አንድ በአንድ እያወጣሁ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሰቀልኩ።

«አባዬ፣ ትሰማኛለህ? ቀረህ ማለት ነው?»

«አዎ፣ ቀረሁ» አልኳት። «ኪራሙ እንዳትቀር።»